ሰሊጥ ለማይስማማው ሰው ትራንዚስተር ምን ይጠቅመዋል?

በነቀምትም ሆነ በጊምቢ «ትራንዚስተር» ሲባል ለታላላቆቻችን ትዝ የሚላቸው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ራዲዮ ነው። ራዲዮው ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1947 አሜሪካ በሚገኘው ቤል ላቦራቶሪ ከተፈለሰፈች አነስተኛ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው። ዛሬ ተመራማሪዎች ይህችኑ ዕቃ በምግብ ውስጥ የተሰወረ ለሰው የማይስማማ ነገር እንድትለይላቸው እየሞከሩ ነው።

ጉዳዩ እኛን በሰሊጥ በኩል ይነካናል። የወለጋ ሰሊጥ እንደ ሁመራው ሁሉ በዓለም ገበያ በስሙ ይጠራል፤ የሁመራው በንጣቱ፣ የእኛው ዘይት ስለሚበዛው ይፈለጋል። ይህ የአላህ በረከት ግን ለጥቂት ሰዎች አደጋ አለው። ሰውነታቸው የሰሊጡን ፕሮቲን እንደ ጠላት ስለሚቆጥረው ቆዳቸውን ያሳክካቸዋል፣ ከንፈራቸው ያብጣል፣ ያስመልሳቸዋል፤ ሲብስም ትንፋሽ አጥሯቸው ለሞት ሊደርሱ ይችላሉ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ሕግ ከ2023 መጀመሪያ አንሥቶ የታሸገ ምግብ ሰሊጥ ካለበት በማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ አስገድዳለች።

ትራንዚስተር የኤሌክትሪክን ፍሰት እንደ ቧንቧ መክፈቻ ይቆጣጠራል። ተመራማሪዎቹ ገጹን አንድን ፕሮቲን ብቻ ለይተው በሚይዙ ፀረ እንግዳ አካላት ይሸፍኑታል። ከምግቡ የተዘጋጀው ፈሳሽ ሲፈስበት የሚፈለገው ፕሮቲን ካለ እዚያው ይጣበቃል። ፕሮቲኑ የራሱ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው ፍሰቱን ይለውጠዋል፤ ለውጡም ይነበባል። ለዚህ መንገድ የጠረገው ሆላንዳዊው ፒት በርግፌልድ እ.ኤ.አ. በ1970 ያስተዋወቀው መሣሪያ ነው። በኦቾሎኒ ፕሮቲን ላይ በላቦራቶሪ ተሞክሯል። ችግሩ ወጥ እንደ ንጹሕ ውኃ አለመሆኑ ነው፤ ጨው የፕሮቲኑን ሙል ስለሚጋርደው ፈሳሹን ማቅጠንና ማጣራት ያስፈልጋል።

እንግዲህ መሣሪያው ወጥ ቤታችን እስኪደርስ ምን እናድርግ? በአንድ መጭመቂያ ኑግም ሰሊጥም ቢጨመቅ፣ በጀሪካን ተቀድቶ የሚሸጠው ዘይት ይህን የሚነግረን ጽሑፍ የለውም። በደንብ ያልተጣራ ዘይት ደግሞ ፕሮቲኑን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ለኢፍጣርም ሆነ ለወሊማ የተጠራ ቤተሰብ የልጁን ሁኔታ ለባለቤቶቹ አስቀድሞ ቢነግር ነውር የለበትም፤ በእኛ አስተያየት ነውሩ ዝም ማለቱ ነው። ከሰሊጥ የተሠራ ሀላዋ የምታቀርብ እናትም ብትጠይቅ መልካም ነው። «ሲለምደው ይተወዋል» እያሉ ለልጅ በጥቂት በጥቂቱ በቤት ማቅመስ ግን ፈጽሞ አይገባም። ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ወተት እያጠጡ ከማቆየት ይልቅ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው፤ በቅድሚያ የሚሰጠው መድኃኒት አድሬናሊን የተባለው መርፌ ነው።