የሐኪም ቤት በር የፍርድ አደባባይ አይደለም

ሕግ በወረቀት ላይ በመስፈሩ ብቻ የጭቁኗን ሴት ሕይወት አይለውጥም። ሕግ ነፍስ የሚዘራው የታወጀለት ሰው ሳይፈራና ሳይሸማቀቅ ሲጠቀምበት ነው። ይህን መሠረታዊ እውነት ይዘን፣ ብዙዎች በሹክሹክታ የሚያነሡትን በአደባባይ ግን የሚሸሹትን አንድ ጉዳይ እንመርምር። ጉዳዩ ጽንስ ለማቋረጥ ወደ ጤና ተቋም በምትሄድ ሴት ላይ የሚደርሰው ማዋከብ ነው።

በቅድሚያ ሕጉን በትክክል መረዳት ያስፈልጋል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጽንስ ማቋረጥን የሚፈቅደው የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤና ከከባድ አደጋ ለማዳን ብቻ ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 551 ክልሉን አስፍቷል። ሴቲቱ ተደፍራ ወይም ከቅርብ ዘመድ አርግዛ ከሆነ፣ እርግዝናው ሕይወቷን ወይም ጤናዋን የሚያሠጋ ከሆነ፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ካለው፣ እርሷም በአካል ወይም በአእምሮ ሕመም አለያም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጅ ለማሳደግ የማትችል ከሆነ፣ ድርጊቱ አያስቀጣም። ለመደፈሯም የራሷ ቃል ብቻ በቂ ማስረጃ እንደሚሆን አንቀጽ 552 ይደነግጋል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ በበኩሉ አገልግሎቱ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲሰጥ ያዛል።

እንግዲህ ሕጉ ፖሊስና ዳኛ እንዲመረምሩት ያላስገደደውን ጉዳይ፣ ጎረቤትና መንገደኛ ይመረምሩት ዘንድ ሥልጣን የሰጣቸው ማን ነው?

ተጨባጩን ሁኔታ ለማየት ጅማን እንውሰድ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የከተማውን ነዋሪ ብቻ ሳይሆን ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከጌራና ከሰቃ የሚመጣውን ሰፊ ሕዝብ ያክማል። ቡና በሚለቀምበት ወራት በየእርሻውና በየመጋዘኑ በቀን ምንዳ የምትሠራ ሴት ለሕክምና ስትመጣ የዕለት ገቢዋን ትታ ነው። እንደ ጊንጆ ጉዱሩ ባለ፣ ሰው በእድርና በጉርብትና በሚተዋወቅበት ቀበሌ የምትኖር ሴትም ወደ ሐኪም ቤት ስትሄድ ከሚያውቋት ዓይን አታመልጥም።

በእኛ ዘንድ ማዋከብ የግድ ሰልፍና መፈክር ይዞ አይመጣም። በካርድ ክፍል መስኮት ጮክ ተብሎ በሚጠራ ጉዳይ፣ «ባልሽ የታለ?» በሚል ጥያቄ፣ ለወላጅ በሚደወል ስልክ፣ ቡና ሲጠጣ በሚነዛ ሐሜት ይገለጻል። የመደብ ገጽታው ሊሰመርበት ይገባል። ገንዘብ ያላት ምስጢርን ትገዛለች፤ ከተማ ቀይራ፣ የግል ክሊኒክ መርጣ ትታከማለች። የሐሜቱ ዱላ የሚያርፈው በቡና ለቃሚዋ፣ በቤት ሠራተኛዋና በተማሪዋ ላይ ነው።

ውጤቱስ ምንድን ነው? የተዋረደች ሴት ጽንሷን ይዛ ወደ ቤቷ አትመለስም፤ በስውር ወደሚሠራ እጅ ትሄዳለች። በዚያ የሚጠብቃት ደም መፍሰስ፣ መመረዝ፣ መካንነትና ሞት ነው። በሀገር አቀፍ ጥናት ግምት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በጤና ተቋም የተፈጸመው ጽንስ ማቋረጥ ከጠቅላላው 27 በመቶ ብቻ ሲሆን በ2014 ወደ 53 በመቶ ከፍ ብሏል። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ሆኖም በዚያ ዓመት እንኳ ግማሽ ያህሉ ከጤና ተቋም ውጭ መፈጸሙን መዘንጋት የለብንም።

ሌሎች ሀገሮች ችግሩን በሕግ ገትተዋል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው ሕግ ወደ አገልግሎቱ የሚወስደውን መንገድ ያደናቀፈ ሰው እስከ 10 ዓመት እሥራት ሊቀጣ እንደሚችል ደንግጋለች። በእንግሊዝና በዌልስ ደግሞ ከጥቅምት 31 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከክሊኒኮች በ150 ሜትር ክልል ውስጥ ተገልጋዮችን ማዋከብ ወንጀል ሆኗል።

በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም ጽንስ ማቋረጥን የማይቀበሉ ወገኖች መኖራቸው አይካድም። እምነታቸው ይከበራል። ነገር ግን በእምነት አለመቀበል አንድ ነገር ነው፤ የታመመችን ሴት በር ላይ ማስቆም ሌላ ነገር ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 24 የእያንዳንዱን ሰው ክብርና መልካም ስም፣ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወቱን ይጠብቃል። የወንጀል ሕጉም የጤና ባለሙያ በሥራው ያወቀውን ምስጢር እንዳያባክን ይከለክላል።

ስለዚህ ተግባራችን ግልጽ ነው። ጤና ተቋማት ተገልጋይዋ ለብቻዋ የምትነጋገርበትን ክፍል ማዘጋጀት፣ ዘበኞችንና የካርድ ሠራተኞችን ጭምር ምስጢር መጠበቅን ማስተማር አለባቸው። አሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት የሕክምና ፈቃድ የጠየቀችን ሴት የሕመሟን ዓይነት ከማውጣጣት መቆጠብ ይገባቸዋል። እድሮችና የቀበሌ ነዋሪዎች ደግሞ ሐሜትን በየስብሰባቸው ሊያወግዙት፣ የተደፈረችውን ሳይሆን ደፋሪውን ሊያሳድዱ ይገባል። ሴቲቱ ወደ ሐኪም ቤት በሰላም ገብታ በሰላም እንድትወጣ ማድረግ የሕግ አስከባሪዎች ሥራ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ነዋሪ ግዴታ ነው።