«እማዬ፣ ምህዋር ምንድን ነው?»

በመስቀል ፍላወር የምትኖር አንዲት የልብስ ስፌት ሠራተኛ ከሥራ ደክማ ስትገባ ልጇ ይህን ጠየቃት። የጠፈር ጉዞን የሚተርክ ልብ ወለድ ይዟል። «አትጨቅጭቀኝ!» ብላ ገሠጸችው። ኋላ ግን ጸጸታት፤ የተቆጣችው ልጁ አጥፍቶ ሳይሆን አለማወቋ አሳፍሯት ነበር።

በማግሥቱ መጽሐፉን ይዘው የቄስ ትምህርት ወደ ቀመሱ አዛውንት ጎረቤታቸው ዘንድ ሄዱ። ለካስ እንግዳ የመሰሉት ቃላት የቤት ልጆች ናቸው! «ሖረ» በግእዝ ሄደ ማለት ነው፤ «ምህዋር» መሄጃ መንገድ። ዛሬ ሳተላይት መሬትን የሚዞርበት መስመር ሆኗል። «መንኮራኩር»ም ቀድሞ የሠረገላ እግር ነበር፤ አሁን ሰው ይዞ ወደ ጠፈር ይመጥቃል። ሀገራችን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና ባመጠቀች ጊዜ ቃሉ ከልብ ወለድ አልፎ የእኛም ጉዳይ ሆኗል።

እናትና ልጅ ዛሬ አንድ ደብተር አላቸው። አዲስ ቃል ሲገጥማቸው አንቀጹን እስከ መጨረሻው አንብበው ትርጉሙን ይገምታሉ፤ ከዚያ መዝገበ ቃላት ያያሉ፤ በራሳቸው ዓረፍተ ነገርም ይጽፉታል።

እናቶች ሆይ፣ «አላውቅም፣ ና አብረን እንፈልግ» ማለት ነውር አይደለም። ነውሩ ጠያቂውን ልጅ ዝም ማሰኘት ነው።