መዶሻ ፍለጋ

ነገሩ የተጀመረው በመዶሻ ነው። በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በሳፎክ አውራጃ፣ ሆክስን በምትባል መንደር አንድ ገበሬ መዶሻው ማሳ ውስጥ ጠፋበት። ወዳጁ ጡረታ የወጣ አትክልተኛ ነበርና፣ ለጡረታው በስጦታ ያገኘውን ብረት ጠቋሚ መሣሪያ ይዞ እንዲፈልግለት ለመነው። ቀኑ ኅዳር 7 ቀን 1985 ዓ.ም. (በፈረንጆች ኖቬምበር 16 ቀን 1992) ነበር።

መሣሪያው ጮኸ። ሰውየው ቢቆፍር መዶሻ የለም፤ የብር ማንኪያ፣ የወርቅ ጌጥ፣ ሳንቲም በሳንቲም ላይ። መሬቱ ገና ብዙ እንደያዘ ገብቶታል። ያን ጊዜ ግን ከወርቅ አጠገብ የቆመ ሰው እምብዛም የማያደርገውን አደረገ፤ መቆፈሩን ተወ። ሁለቱ ወዳጆች ለፖሊስና ለመሬቱ ባለቤት ለአውራጃው ምክር ቤት አስታወቁ። በማግስቱ አርኪዮሎጂስቶች ደርሰው፣ ወሬው ሳይዛመት በአንድ ቀን አወጡት።

ከ500 በላይ የወርቅ ሳንቲም ያለበት፣ በጠቅላላው ወደ 15 ሺህ የሚጠጋ የሮማውያን ገንዘብ ነበር። የመጨረሻዎቹ የተመቱት በፈረንጆች በ407 ወይም በ408 ስለሆነ፣ ሀብቱ የተቀበረው የሮማ አገዛዝ ከብሪታንያ ሊነቀል ሲል ወይም ከተነቀለ በኋላ ነው። አብዛኞቹ የብር ሳንቲሞች ጠርዛቸው ዙሪያውን ተከርክሟል፤ የንጉሡን ፊት ግን መቀሱ አልነካውም። አዲስ ብር ከባሕር ማዶ መምጣቱን ሲያቆም፣ ሰዉ ከአሮጌው እየቀነሰ ሌላ ይሠራ ነበር።

ከዕቃዎቹ መካከል በአንዲት ወይዘሮ አምሳል የተሠራች፣ ቁመቷ ከአንድ ስንዝር የምታንስ የቁንዶ በርበሬ መያዣ አለች። ከታች ያለውን ክብ ሲያዞሩት አንዴ ለመሙላት ይከፈታል፣ አንዴ ይነሰንሳል፣ አንዴ ይዘጋል። ቁንዶ በርበሬው ከሕንድ ተነሥቶ በቀይ ባሕር ይመጣ ነበር፤ በዚያ መንገድ ዳር ደግሞ የአክሱማውያን ወደብ አዱሊስ ነበረች።

ይህ ሁሉ የታጨቀበት የእንጨት ሣጥን በስብሶ አልቋል። ቅርጹና በውስጡ የነበሩት ትንንሽ ሣጥኖች የታወቁት ዕቃው ከተቀመጠበት ስላልተነቀነቀ ነው። ሰውየው ሁሉንም ዝቆ በከረጢት ቢወስደው ኖሮ ወርቁ ይተርፋል፣ ታሪኩ ይጠፋል። ሀብቱ 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ተገምቶ ብሪቲሽ ሙዚየም ገባ፤ አግኚው የተከፈለውን ሽልማት ከገበሬው ጋር ተካፈለ። መዶሻውም በኋላ ተገኝቶ ለሙዚየሙ ተሰጠ።

በአክሱም ዙሪያም ማረሻና ዝናብ የጥንት ሳንቲም ያወጣሉ። የእርስዎ ማረሻ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ነገር ቢነካ፣ በሬዎቹን አቁመው ባለሙያ ይጥሩ።