ላፕቶፕ ስንገዛ የማይለወጠውን እናስቀድም

(በወርቃ ለወላጆችና ለተማሪዎች ከቀረበ የሕዝብ ገለጻ በጽሑፍ የተዘጋጀ)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ዕቃ ግዢ ነው፤ ለጨዋታና ለፊልም የሚሆን መካከለኛ ዋጋ ያለው ላፕቶፕ እንዴት ይመረጣል? ርእሱ ለአንዳንዶቻችሁ የቅንጦት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በዚህ አካባቢ ላፕቶፕ የሚገዛበት ገንዘብ ብዙውን ጊዜ የአንድ የቡና ወቅት ድካም ነው። ልጁም ያንኑ ማሽን ይዞ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ ቀን ያጠናበታል፣ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ይጫወትበታል፣ ቅዳሜ ፊልም ያይበታል። በግዢው ላይ የተፈጸመ ስሕተት ብዙ ጊዜ እስከ ምረቃ ድረስ አብሮት ይቆያል።

የስሕተቱ ዋጋም ጨምሯል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 800 ዶላር የሚያወጣ ላፕቶፕ በምንዛሪው ብቻ ከ45 ሺህ 600 ብር ወደ 80 ሺህ ብርና ከዚያ በላይ ወጣ ማለት ነው። ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ገና አልተቆጠሩም።

አንድ ተማሪ ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ የገዛውን ላፕቶፕ ይዞ ወደ ቢሮዬ መጣ። ሻጩ «ኮር አይ7፣ 16 ጊጋባይት ራም፣ 8 ጊጋባይት ግራፊክስ» ብሎት ነበር። የኳስ ጨዋታው ግን ሊነሣለት አልቻለም። ማሽኑን ስንከፍት ፕሮሰሰሩ አይ7 ቢሆንም 7ኛ ትውልድ ሆኖ ተገኘ። «8 ጊጋባይት ግራፊክስ» የተባለውም ዊንዶውስ ከ16ቱ ራም በተውሶ የሚሰጠው ግማሽ ነበር፤ ለብቻው የቆመ የግራፊክስ ካርድ አልነበረውም። ሻጩ ፈጽሞ ዋሸ ለማለት ያስቸግራል፤ ተማሪው ግን የፈለገውን አላገኘም።

ከዚህ የተማርኩትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ላስቀምጠው፤ ገንዘባችሁን በኋላ ሊለወጥ በማይችለው ክፍል ላይ አውሉ፤ የሚለወጠውን ቆይታችሁ ትጨምሩታላችሁ።

በላፕቶፕ ላይ ፕሮሰሰሩና የግራፊክስ ቺፑ በአብዛኛው ከቦርዱ ጋር የተበየዱ ናቸው። ስክሪኑን መቀየር ቢቻልም ውድ ነው፤ ማቀዝቀዣውም እንደተሠራ ይቀራል። በአንጻሩ ራምና የፋይል ማከማቻ በብዙ ሞዴሎች ላይ በብሎን መፍቻ የሚለወጡ ናቸው። ራማቸው የተበየደ ቀጫጭን ላፕቶፖች ስላሉ ግን ከመግዛታችሁ በፊት መጠየቅ ይገባል። ስለዚህ 8 ጊጋባይት ራምና ጥሩ ግራፊክስ ያለው ማሽን፣ 16 ጊጋባይት ራም ኖሮት ግራፊክስ ከሌለው ይመረጣል።

አሁን ወደ ጨዋታው እንምጣ። ጨዋታ ሥዕሉን በየቅጽበቱ አዲስ ይሥላል፤ ይህን የሚሠራው የግራፊክስ ቺፑ ነው። ለምሳሌ ፊፋ 23 በአምራቹ ዝርዝር መሠረት ቢያንስ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ግራፊክስ፣ 8 ጊጋባይት ራምና 100 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይጠይቃል። ኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1650 ወይም አርቲኤክስ 3050 ያለው ላፕቶፕ ይህን ያሟላል፤ የመካከለኛው ዋጋ መደብም በእነዚህ ዙሪያ ነው። ነገር ግን ስም ብቻ አይበቃም። የላፕቶፑ አርቲኤክስ 3050 እንደ አምራቹ ምርጫ ከ35 እስከ 80 ዋት ኃይል እንዲወስድ ተደርጎ ይሸጣል። ስሙ አንድ ሲሆን ፍጥነቱ በጣም ይለያያል፤ ዋቱንም ጠይቁ።

ስለ ፕሮሰሰሩ ደግሞ ከአይ5ና ከአይ7 በፊት ትውልዱን ተመልከቱ። በቀጫጭኖቹ ላፕቶፖች ላይ 7ኛው ትውልድ አይ7 ባለ 2 ኮር ሲሆን፣ 8ኛው ትውልድ አይ5 ባለ 4 ኮር ነው። ዊንዶውስ 11ም በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ከዚያ በታች ያለውን መግዛት ያረጀ ነገር በአዲስ ገንዘብ መግዛት ነው።

ፊልም የሚጠይቀው ሌላ ነው። ፊልም አስቀድሞ የተሣለ ስለሆነ ውድ ግራፊክስ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ጥሩ ስክሪን ነው። ስፋቱ 1920 በ1080 ፒክሰል ይሁን፤ በ15 ኢንች ስክሪን ላይ ለፎር ኬ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም። አይፒኤስ የሚባለውን ዓይነት ምረጡ። ስሙን ማረጋገጥ ካልቻላችሁ ጨለም ያለ ፊልም ክፈቱና ስክሪኑን ከጎንና ከታች ተመልከቱት፤ የሰው ፊት ከጠቆረ ወይም ቀለሙ ከተገለበጠ ተዉት። በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ አራት ሆነው ፊልም ለሚያዩ ተማሪዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በፍላሽ የምትቀባበሏቸው አዳዲስ ፊልሞች ብዙዎቹ ኤችኢቪሲ በተባለ መንገድ የታመቁ ናቸው። ከ7ኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች እነዚህን፣ 10 ቢት የሚባሉትን ጨምሮ፣ ለዚሁ በተሠራ ክፍል ይፈቷቸዋል። ከቆዩት ብዙዎቹ ግን ሙሉ ፕሮሰሰሩን ያሠሩበታል፤ ማሽኑ ይግላል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ሌላም ልጨምር፤ ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ነው። በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ስክሪን ለ24 እኩል ስለማይካፈል አንዱን ምስል 2 ጊዜ፣ ቀጣዩን 3 ጊዜ ያሳያል፤ ካሜራው በዝግታ ሲዞር ትንሽ መንተክተክ ይታያል። 120ና 144 ግን ለ24 በትክክል ይካፈላሉ። ለጨዋታ ተብሎ የተሠራው ፈጣን ስክሪን ለፊልምም የሚጠቅመው ስለዚህ ነው።

መብራት የሚጠፋበት አገር ስለሆንን ባትሪን መዘንጋት አይቻልም። 50 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ፣ ፊልም ሲታይ ማሽኑ 10 ዋት ያህል ቢወስድ፣ 5 ሰዓት ያቆያል። ጨዋታ ግን ይህንኑ ባትሪ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ሊጨርሰው ይችላል፤ ግራፊክሱም ያለ ቻርጀር ሙሉ ኃይሉን አያገኝም። እንግዲህ መብራት ሲጠፋ ፊልም ይታያል፤ ጨዋታው ይቆያል።

ብዙዎቻችሁ የምትገዙት ከዲላ፣ ከሐዋሳ ወይም ከአዲስ አበባ፣ ያገለገለ ማሽን ነው። ይህ በራሱ ነውር የለበትም። ሆኖም እናንተ ቡና አምራቾች ከእኔ በተሻለ ታውቃላችሁ፤ የቡና ደረጃ በጆንያው አይታወቅም፣ ተቆልቶና ተፈልቶ ይቀመሳል። ላፕቶፕም ይቀመስ። ታስክ ማኔጀርን ክፈቱና ለብቻው የተመደበውን የግራፊክስ ሜሞሪ ከተውሶው ለይታችሁ አንብቡ። ዊንዶውስ በሚያወጣው የባትሪ ዘገባ ላይ ባትሪው ሲሠራ የነበረውን አቅምና አሁን የሚይዘውን አወዳድሩ። ከዚያም ጨዋታ ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል አጫውቱት። በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች የሚፈጥን፣ ሲግል የሚንቀራፈፍ ማሽን ማቀዝቀዣው ደክሟል። ሻጩ ይህን ጊዜ ከነፈጋችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ገንዘቡ ለግራፊክስ ካርድ የማይበቃ ቤተሰብ ይኖራል። ለእርሱ ምክሬ፣ «ጌሚንግ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበትን አሮጌ ማሽን ከማሳደድ፣ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ጥሩ ስክሪን ያለው የቢሮ ላፕቶፕ ቢገዛ ነው። ፊልሙን በደንብ ያሳያል፣ ትምህርቱን ይሠራል፣ የቆዩና ቀላል ጨዋታዎችንም ያጫውታል። ራሙን በሁለት እኩል ፍሬ ከፍሎ መሰካትም አብሮ የተሠራውን ግራፊክስ በሚታይ ሁኔታ ያፈጥነዋል።

ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ወደ ገበያ ሲሄድ ከገንዘቡ ጋር ጥያቄዎቹንም ስጡት፤ የግራፊክሱ ስምና ዋት፣ የፕሮሰሰሩ ትውልድ፣ የስክሪኑ ዓይነት፣ የባትሪው ጤንነት። አራቱን በወረቀት ጽፎ ይያዝ፤ መልሳቸውን በዓይኑ ሳያይ ገንዘብ አይቁጠር።