የኦቲዝም ደረጃና የወላጅ ሸክም በመቐለ

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው የምርመራ መመሪያ ኦቲዝምን በሦስት ደረጃዎች ይመድባል። ደረጃው የሚያመለክተው ልጁ የሚያስፈልገውን የድጋፍ መጠን እንጂ የማሰብ ችሎታውን አይደለም። የማይናገር ልጅ ችግሩ በግልጽ ስለሚታይ ወላጅ እርዳታ ይፈልግለታል፤ አቀላጥፎ የሚናገረው ግን «ግትር»፣ «ባለጌ» እየተባለ ሊቀጣ ይችላል። ምናልባት ይበልጥ የሚዘነጋው እርሱ ነው።

ደረጃው ቋሚም አይደለም። ኦቲዝም ያለበት ልጅ በአብዛኛው የሚረጋጋው በተለመደ የዕለት ሥርዓት ነው። በመቐለ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በዘለቀው ጦርነት ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋረጡ። በጥቂት ድጋፍ ይማር የነበረ ልጅ በእንዲህ ያለ ጊዜ እጅግ ብዙ ድጋፍ ሊሻ ይችላል፤ ደጋፊው ደግሞ ራሱ የተጎዳው ወላጅ ነው።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል የሚገኘው በአዲስ አበባ በመሆኑ፣ ለመቐለ ቤተሰብ ሩቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የተንከባካቢዎች ሥልጠና ግን ትምህርቱን በቤት ውስጥ ሥራና ጨዋታ ላይ ይመሠርታል። ለማይናገረው ልጅ ሕምባሻና እንጀራ አሳይቶ በጣቱ እስኪመርጥ መታገሥ፣ ለሚናገረው ደግሞ ቡና ሊፈላ፣ እንግዳም ሊመጣ መሆኑን አስቀድሞ መንገር ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ።