የቆሮሶ ጤና በውሃው ሙቀት ልክ

ቆሮሶ የአባይ ተፋሰስና የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተወላጅ ዓሣ ነው። ከጣና፣ ከዝዋይ፣ ከሐዋሳና ከጫሞ በየዕለቱ በመረብ ይወጣል። የስዊድኑ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ሳይንሳዊ ስም ሰጥቶታል። በቻይና፣ በኢንዶኔዥያና በግብፅ ኩሬዎች የሚረባውና በዓለም ገበያ ቲላፒያ ተብሎ የሚሸጠውም በአብዛኛው ይኸው ዝርያ ነው። ይህን ማስታወስ ያስፈለገው «ቲላፒያ በላብራቶሪ የተሠራ፣ አጥንትና ቆዳ የሌለው ዓሣ ነው» የሚለው ወሬ በማኅበራዊ መገናኛዎች መዞሩን ስላላቆመ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ የቆሮሶ ጥብስ የበላ ሰው ከአጥንቱ ጋር በደንብ ይተዋወቃል፤ ክርክሩ ከዚያ ማለፍ አልነበረበትም።

ሌሎቹም ወሬዎች ከዚህ ብዙ አይሻሉም። «ዘረመሉ ተቀይሯል» የሚባልለት በፍጥነት የሚያድገው የቆሮሶ ዘር እ.ኤ.አ. በ1988 ፊሊፒንስ ውስጥ በተጀመረ ሥራ የተገኘ ነው፤ ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል የመጡ ዓሦች ከሌሎች ጋር እየተዳቀሉ፣ ፈጥነው ያደጉት ልጆች ተመርጠው ለቀጣዩ ትውልድ ወላጅ ሆኑ። ዘረመል ቆርጦ መቀጠል አልነበረበትም። «ከአሳማ ስብ የባሰ» የሚለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ ከወጣ የኦሜጋ 6 እና የኦሜጋ 3 ንጽጽር ተመዞ የተጋነነ ነው። 100 ግራም የቆሮሶ ሥጋ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲይዝ ስቡ 2 ግራም አይሞላም። ስለዚህ የሁለቱ ስቦች ምጣኔ ያን ያህል ባያምርም የሚነገረው ስለ ጥቂት ስብ ነው። ሆርሞን ይሰጠዋል የሚለው ወሬ ግን ሥር አለው። ወንዱ ቆሮሶ ከሴቷ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚያድግ፣ ኩሬውም ባልተፈለጉ ጫጩቶች እንዳይጨናነቅ፣ ብዙ ማራቢያዎች ገና የተፈለፈሉትን ጫጩቶች ለሦስትና ለአራት ሳምንት ወንዴ ሆርሞን ያለበት መኖ ይመግባሉ። ጫጩቱ በዚያ ጊዜ አንድ ግራም እንኳ አይመዝንም፤ ለገበያ የሚደርሰው ከወራት በኋላ ሲሆን ሆርሞኑም ከሰውነቱ ወጥቶ አልቋል። አጥብቆ መጠየቅ የሚገባው ከማራቢያው ወደ ወንዝ ስለሚለቀቀው ውሃና መኖውን በእጁ ስለሚያዘጋጀው ሠራተኛ ነው።

የቅርቡ ፍርሃት ቫይረስ ነው። እስራኤል ውስጥ በገሊላ ባሕር የዓሣ ምርት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ክፉኛ ሲያሽቆለቁል ምክንያቱ ሲፈለግ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 አዲስ ቫይረስ መሆኑ ታወቀ። በ2017 የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በይፋ አስጠነቀቀ። ቫይረሱ በኩሬ ያለን ቆሮሶ በገፍ ሊፈጅ ይችላል፤ ሰውን ግን አሳምሞ አያውቅም። በዜናዎቹ ውስጥ የጠፋው ደግሞ ዋናው ነገር ነው፦ ከወረርሽኙ የተረፉት ዓሦች ያንኑ ቫይረስ ዳግም መቋቋም ችለዋል። ይህ ሊሆን የቻለው ዓሣ የራሱ በሽታ መከላከያ ስላለው ነው፤ የዚያ መከላከያ አሠራር ደግሞ ከሰው በአንድ ትልቅ ነገር ይለያል።

ወደዚያ ከመድረስ በፊት ግን ስለ ዓሣው ሰውነት መሠረታዊው ነገር በአጭሩ ይበቃል። የጨው አልባ ውሃ ዓሣ ደሙ ከውሃው ይልቅ ጨዋማ ነው። ውሃ ያለማቋረጥ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ ጨው ወደ ውጭ ይሾልካል። ዓሣው የቀጠነ ሽንት በብዛት እየሸና፣ በስንጥቡ ላይ ባሉ ልዩ ሴሎች ደግሞ ጨው ከውሃው እየለቀመ ሚዛኑን ይጠብቃል። ስንጥቡ ኦክስጅን ያስገባል፣ አሞኒያም ያስወጣል። በኩሬው ናይትራይት ሲበዛ በዚያው የክሎራይድ በር ሰርጎ ገብቶ ደሙን ቡናማ ያደርገዋል፤ የኩሬ ባለሙያዎች ጥቂት የገበታ ጨው የሚጨምሩት ክሎራይዱ ናይትራይቱን ተሻምቶ እንዲያስቀር ነው። የቆሮሶ ጨጓራ በአሲድ ብርታቱ የታወቀ ስለሆነ ብዙ እንስሳት የማይፈጩትን ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ይፈጫል። ፍግ በተበተነበት ኩሬ በርካሽ መርባት የሚችለውም በዚህ ነው።

የመከላከያው የመጀመሪያ አጥር ቆዳውን የሸፈነው ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። ባክቴሪያን የሚያፈርሱ ኢንዛይሞችና ፀረ እንግዳ አካላት አሉበት፤ ያለማቋረጥ እየታጠበ ይታደሳል። ዓሣን በደረቅ እጅ ወይም በሻካራ መረብ የሚይዝ ሰው ይህን አጥር በገዛ እጁ ይገፈዋል። ከቆዳው ሥር ያለው ሥርዓት አቀማመጡ ከሰው የተለየ ነው። የደም ሴል የሚያመርት መቅኒ በአጥንቱ ውስጥ የለም፤ ሥራው የኩላሊቱ የፊት ክፍል ነው። ታይመስና ጣፊያ አለው፤ ሊምፍ ኖድ የለውም። ዋናው ፀረ እንግዳ አካሉ ኢሙኖግሎቡሊን ኤም ሲሆን በሰው አምስት ሆነው የሚጣበቁት ክፍሎች በዓሣ አራት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ በዓሦች ብቻ የሚገኝ ሌላ ዓይነት ታወቀ፤ ይህኛው በተለይ አንጀትን፣ ስንጥብንና ቆዳን እንደሚጠብቅ በትራውት ዓሣ ታይቷል።

ከሰው የሚለየው ያ ትልቅ ነገር ግን ሙቀት ነው። አብዛኛው ዓሣ የሰውነቱን ሙቀት ራሱ አያመነጭም፤ የውሃው ሙቀት የነጭ የደም ሴሎቹም ሙቀት ነው። በእስራኤል የባር ኢላን ዩኒቨርሲቲው አቭታሊዮን እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በካርፕ ዓሣ ላይ የሠራቸው ሙከራዎች ነገሩን ግልጽ አድርገውታል። ባዕድ ፕሮቲን ተወግተው በ25 ዲግሪ ውሃ የቆዩ ካርፖች ፀረ እንግዳ አካል አመረቱ። ከመጀመሪያው አንሥቶ በ12 ዲግሪ የተያዙት አላመረቱም። በሙቁ ተወግተው ጥቂት ቀን ከቆዩ በኋላ ወደ ቀዝቃዛው የተዛወሩት ግን ማምረቱን ቀጠሉ። ስለዚህ ብርዱ የሚያግደው ጠላትን የመለየትና ትእዛዝ የመስጠት የመጀመሪያውን እርምጃ ነው፤ ትእዛዙ ከተላለፈ በኋላ ፋብሪካው በብርድም ይሠራል።

እርምጃው የትኛው ሴል ላይ እንደሚቆም ያሳየው በአሜሪካ ሚሲሲፒ በሚረባው አምባዛ መሰል ዓሣ ላይ የተደረገው ጥናት ነው። በብርድ የሚፈዙት ከዚህ ቀደም ጠላት ያላጋጠማቸው ቲ ሴሎች ናቸው፤ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱት ቢ ሴሎች ብርዱን በተሻለ ይችሉታል። ምክንያቱ የሴሉን ሽፋን ከሠራው ስብ ጋር የተያያዘ ይመስላል። ውሃ ሲቀዘቅዝ ሽፋኑ ይደድራል፤ በሽፋኑ ላይ ተንሳፍፈው ምልክት የሚቀባበሉ ፕሮቲኖችም እንደ ልብ አይንቀሳቀሱም። ዓሣው መላ አለው፦ በሽፋኑ ያለውን የሚረጋ ስብ በማይረጋ ስብ ይተካል። ይህ ለውጥ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ሙቀቱ ቀስ ብሎ ከወረደ ዓሣው ይላመዳል፤ በቀናት ውስጥ ከተናደ ግን መከላከያው ሳይታጠቅ ይያዛል። በሚሲሲፒ ኩሬዎች ድንገተኛ ብርድ ከገባ በኋላ የሚነሣው የክረምት ፈንገስ በዚህ መንገድ ተብራርቷል። ብርዱ የደም ሴሎቹን ከማፍዘዙ ሌላ ዝልግልጉን የሚያመነጩ የቆዳ ሴሎችንም ስለሚያሳጣ፣ ፈንገሱ ባልተጠበቀ ቆዳ ላይ ያርፋል።

ተቃራኒውም እውነት ነው። ዓሣ ትኩሳት ማውጣት ባይችልም ትኩሳትን ሄዶ ይፈልጋል። የታመመ ሰው ጋቢ እንደሚደርብ ሁሉ፣ የተበከለ ዓሣ ምርጫ ካለው ወደሚሞቀው ውሃ ይዋኛል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ዓሦች ታየ። በ2017 የቤልጂየም ሊየዥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለካርፕ 24፣ 28 እና 32 ዲግሪ የሆኑ የተያያዙ ክፍሎች አዘጋጅተው በሄርፒስ ቫይረስ ሲበክሉት፣ ዓሣው ወደ 32ቱ ተሰደደና ዳነ። ቫይረሱም ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ የትኩሳት ፍላጎቱን የሚያስነሣውን ምልክት የሚውጥ ፕሮቲን ያመነጫል፣ የዓሣውንም ጉዞ ያዘገያል። ዳር እስከ ዳር እኩል በሚሞቅ ወይም እኩል በሚቀዘቅዝ ትንሽ ኩሬ የታሠረ ዓሣ ይህ ምርጫ የለውም፤ በሐይቅ ያለው አለው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከላይ የተዘረዘረው አብዛኛው ውጤት ከካርፕና ከአሜሪካው ዓሣ የተገኘ ነው፤ ቆሮሶ የሞቃት አገር ዓሣ በመሆኑ የመፍዘዣው ዲግሪ ከፍ ይላል ተብሎ ቢጠበቅም ቁጥሩን ከካርፕ ቀጥታ መገልበጥ አይቻልም። ቆሮሶም ራሱ አንድ ወጥ አይደለም፤ በአዋሽ አካባቢ ፍል ውሃዎች የሚኖር የራሱ ንዑስ ዝርያ አለ፣ የጣናውም ለብቻው ተመዝግቧል። ሙቀት ሲጨምር ሁልጊዜ ዓሣው ይጠቀማል ማለትም አይደለም። ቆሮሶን በብዛት የሚገድለው ስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የሚበረታው ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅና ኦክስጅን ሲያንስ ነው፤ የ2014ቱ ቫይረስም የሚፈጀው በሞቃት ወራት ነው። የዓሣ መከላከያ ምን ያህል «ያስታውሳል» የሚለውም አልተዘጋም። ፀረ እንግዳ አካላትን የሚያጠራው የሊምፍ ኖድ ማዕከል በዓሣ የለም ሲባል ኖሯል፤ በቅርብ ዓመታት በትራውት ጣፊያ ውስጥ ይህን የሚመስል የሴሎች ስብስብ በመታየቱ ክርክሩ እንደገና ተከፍቷል።

ለእርባታ የሚተርፈው ትምህርት ግን ለክርክሩ መቋጫ አይጠብቅም። ቆሮሶ በደንብ የሚያድገው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ውሃ ነው። ከ20 በታች እንቁላል አይጥልም፤ ወደ 16 ሲወርድ መብላት ያቆማል፤ ወደ 10 ሲጠጋ ይሞታል። ከፍታ ደግሞ ኦክስጅንንም ይቀንሳል፦ በ25 ዲግሪ ውሃ በባሕር ጠለል በሊትር 8 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ በሐዋሳ ከፍታ ከ7 በታች ነው። ቆሮሶ ይህን ይችለዋል፤ ሌሊቱን አልጌው ኦክስጅኑን ጨርሶት ሲነጋ ግን በውሃው ገጽ አፉን ከፍቶ መታየቱ አይቀርም። በደጋ ጥልቀት የሌለው ኩሬ ከኅዳር እስከ ጥር በቀን ይሞቃል፣ በሌሊት ይቀዘቅዛል። እንዲህ ባለ ኩሬ ዓሣውን የሚጎዳው መዋዠቁም ጭምር ነው። ጠለቅ ያለ ኩሬ ሙቀቱን ቀስ ብሎ ስለሚለቅ ይሻላል።

ከዚህ ተነሥቶ ሲታይ በታመመ ኩሬ ላይ አንቲባዮቲክ መበተን ብክነት ነው። መድኃኒቱ በመኖ ይሰጣል፤ የታመመ ዓሣ ደግሞ መጀመሪያ የሚያቆመው መብላትን ነው። የሚውጡት ጤነኞቹ ናቸው፣ የሚለምዱት ባክቴሪያዎቹ ናቸው። ክትባት ጥሩ አማራጭ ነው፤ ለስትሬፕቶኮከስ የተዘጋጀ አለ፤ ሆኖም ውሃው ሞቅ ባለበት ወቅት ካልተሰጠ በ12 ዲግሪ የተያዙት የአቭታሊዮን ካርፖች ዕጣ ይደርሰዋል። ጫጩት ማጓጓዝ፣ ማጨናነቅና መለየትም ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ስለሚያንሩ መከላከያውን ያዳክማሉ። ስለዚህ ሦስቱንም በብርድ ሳምንት መሥራት ጥፋትን መደራረብ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ እስካሁን የሚበላው ዓሣ በአብዛኛው ከሐይቅ የሚሰገር ነው፤ በጾም ወራት ፍላጎቱ ሲንር ጫናው ያንኑ ሐይቅ ይመታል። ሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ለኩሬ የሚሆኑ ዝርያዎችን ሲያጠናና ጫጩት ሲያሠራጭ ቆይቷል። ለስምጥ ሸለቆና ለቆላ ቆሮሶ ምርጫው ግልጽ ነው፤ በመኖውም የኑግ ፋጉሎና ፍሩሽካ ያግዛሉ። ውሃው ኦክስጅን ባጣበት ኩሬ አየር ከላይ የሚስበው አምባዛ ይረዳል፤ የቆሮሶ ጫጩቶች ሲበዙም እየበላ ቁጥራቸውን ይቀንሳል። በደጋ ካርፕ፣ ከዚያ ይበልጥ በሚበርድ ወራጅ ውሃ ደግሞ ከዓመታት በፊት በባሌ ወንዞች የተለቀቀው ትራውት ይሻላሉ። ኩሬ ለመቆፈር ያሰበ ሰው ጫጩት ከማዘዙ በፊት በአካባቢው ያለን የቆመ ውሃ ሙቀት ማለዳና ከሰዓት በኋላ እየለካ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ይመዝግብ። የማለዳው ቁጥር በተደጋጋሚ ከ16 ዲግሪ በታች ከወረደ ቦታው የቆሮሶ አይደለም።