ቁጥር ይዞ ፍለጋ፦ ከአዳማ እስከ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች



አንድ የዕረፍት ቀን ከሁለት ልጆቼና ከእናታቸው ጋር ከአዳማ ተነሥተን ወደ መተሐራ አቀናን። የ13 ዓመቱ ልጄ በእጁ ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው የእኔ ስልክ ነው። ሁለተኛው ከአንድ የቆየ ካርታ ላይ በእርሳስ የገለበጠው የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር ነበር። ቁጥሩ በካርታው ላይ ከበሰቃ ሐይቅ ራቅ ያለ ደረቅ መሬት ያመለክታል። የዕለቱ ፍለጋችን ያንን ነጥብ አግኝቶ በላዩ ላይ መቆም ነበር። ይሁን እንጂ ስልኩ ገና 300 ሜትር እንደሚቀረን እያሳየ መሬቱ አለቀና ውኃ ጀመረ። ልጄ ስልኩን አገላብጦ አየና፣ “አባ፣ ቁጥሩ ተሳስቷል እንዴ?” ሲል ጠየቀኝ።

ቁጥሩ አልተሳሳተም። ከቦታው የተንቀሳቀሰው ሐይቁ ነው።

ለመሆኑ ይህ ጨዋታ ከየት መጣ?

ቁጥር ይዞ ቦታ መፈለግ በዓለም ላይ “ጂኦካሺንግ” በሚል ስም የታወቀ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በሳተላይት የሚሠራውን የቦታ ማወቂያ፣ ማለትም ጂፒኤስን፣ ለሲቪሎች ሆን ብሎ አዛብቶ ይሰጥ ነበር። ይህ ገደብ እ.ኤ.አ. ግንቦት 2 ቀን 2000፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ተነሣ። በማግሥቱ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ግዛት ጫካ ውስጥ አንድ ባልዲ አስቀመጠና የቦታውን ቁጥር ለሰው አሳወቀ። በባልዲው ውስጥ የመመዝገቢያ ደብተርና ጥቃቅን ዕቃዎች ነበሩበት። ሕጉም ቀላል ነበር፦ ያገኘ ሰው አንድ ነገር ቢወስድ በምትኩ ሌላ ነገር ያስቀምጣል፣ በደብተሩም ይመዘገባል። ባልዲው በጥቂት ቀናት ውስጥ ተገኘ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የተደበቁት ሣጥኖች ከ3 ሚሊዮን በላይ ናቸው።

እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ደግሞ ሣጥን የሌለው ዓይነት መጣ። በዚህኛው ፈላጊው ወደ ቦታው ሄዶ ድንጋዩን፣ ፍል ውኃውን ወይም ሐይቁን ተመልክቶ ስለ ምድሪቱ ለተጠየቀው ጥያቄ መልስ ይዞ ይመለሳል። ለእኛ የሚስማማው ይህ ነው። በድልድይ ወይም በግድብ አጠገብ የተደበቀ ሣጥን ጥርጣሬ ያስነሣል፤ በሰው ግጦሽ ላይ መቆፈርም ተገቢ አይደለም። የስምጥ ሸለቆ ነዋሪ ደግሞ ሣጥን መቅበር አያስፈልገውም። አላህ በዚህች ምድር ላይ ያኖረው የሚታይ ነገር በቂ ነው።

ሁለት ሐይቆች፣ ሁለት ዕጣ

በሰቃ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የነበረ ሐይቅ ነው። ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ውኃው እየተስፋፋ በመምጣቱ አውራ ጎዳናውንና አሮጌውን የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ከፍ ማድረግ ግድ ሆኖ ነበር። ባለሙያዎች ከመስኖ የሚሠርገውን ውኃና ከመሬት በታች የሚፈልቀውን በምክንያትነት ያነሣሉ። የከረዩ አርብቶ አደሮች ከብት ያሰማሩበት የነበረ መሬት ዛሬ ጨዋማ ውኃ ተኝቶበታል። ልጄ የፈለገው ነጥብም በዚያ ውኃ ሥር ነው።

አብያታ ሐይቅ ግን ተቃራኒው ደርሶበታል። ወደ እርሱ የሚገባው የቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ ይነሣል። ከዝዋይና ከወንዙ ለመስኖ የሚቀዳው፣ ከራሱ ከአብያታም ለሶዳ አሽ ምርት የሚወሰደው ውኃ ሐይቁን ስላሳነሰው ግማሽ ያህል ስፋቱን አጥቷል። በቆየ ካርታ የዳርቻውን ቁጥር ይዞ የሄደ ሰው ውኃ ሳይሆን ነጭ ደረቅ ጭቃ ያገኛል። አጠገቡ ያለው ሻላ ከ260 ሜትር በላይ ጥልቀት ሲኖረው አብያታ ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ጉዳቱ ቶሎ ታየበት። ዓሣው ሲጠፋ ዓሣ በሊታ ወፎችም ሸሹ።

ሌሎች ግኝቶች

ከአዳማ ብዙ ሳይርቁም የሚገኝ አለ። ወንጂን ስኳር እንጂ ሌላ ነገር አያስታውሰንም። ይሁን እንጂ የዓለም የሥነ ምድር ሊቃውንት በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ የተዘረጋውን የመሬት ስንጥቅ መስመር የሚጠሩት በወንጂ ስም ነው። በዚህ መስመር ግራና ቀኝ ያለው ምድር በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይራራቃል። ይህም የተለካው ስልካችን በሚጠቀምባቸው ሳተላይቶች ነው። ዛሬ የተወለደ ሕፃን 20 ዓመት ሲሞላው ምድሪቱ አንድ መዳፍ ያህል ተለያይታ ትጠብቀዋለች።

ከዝዋይ ሐይቅ በስተምዕራብ ባለው ገደሞታ ደግሞ ከ276 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው፣ ከባልጩት የተጠረቡ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ልጆች እንዲህ ያለ ድንጋይ ሲያዩ ወደ ኪሳቸው መክተት ያምራቸዋል። እዚህ ላይ የወላጅ ትምህርት ያስፈልጋል፦ አይተን፣ ቁጥሩን ጽፈን፣ ድንጋዩን በቦታው እንተወዋለን። ከቦታው የተነሣ ድንጋይ ታሪኩን ያጣልና፤ ለሚመጣው ትውልድም አማና ነው።

ያልጠበቅነው ግኝት

በዚያ ቀን በበሰቃ ዳር የዙህር ሰዓት ደረሰ። ቂብላው ወዴት ነው? ልጄ ስልኩን ከመክፈቱ በፊት ቁጥሮቹን እንዲያስተያይ ነገርሁት። መካ በምሥራቅ ኬንትሮስ 39 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ ገደማ ላይ ትገኛለች። የቆምንበት ቦታ ቁጥርም ከዚህ እምብዛም የተለየ አልነበረም። እህቱ ቀደመችውና፣ “እንግዲያው ቀጥታ ወደ ሰሜን ነው!” አለች። በመካከላችን 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ቢኖርም ቆመን የነበረው ከመካ ጋር በአንድ መስመር ላይ ነበር። ሰፍ ሠርተን ሰገድን። ከሰላት በኋላ ከልጆቼ አንዳቸውም ስልኩን ለሌላ ጨዋታ አልጠየቁኝም።

መጀመር ለምትፈልጉ

ወጪው ብዙ አይደለም። ስልክ፣ ደብተር፣ ውኃና ቆብ ይበቃል። ከመውጣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። የአካባቢውን ሽማግሌ ሰላም ብላችሁ አስፈቅዱ፤ ካርታው የማያውቀውን እርሳቸው ያውቃሉና። በወንዝና በሐይቅ ዳር ሕፃናትን ለብቻቸው አትልቀቁ፣ አዋሽ አዞ አለበት። ቆሻሻችሁንም ይዛችሁ ተመለሱ። ከሁሉ በላይ በደብተሩ ላይ ቀኑን፣ ቁጥሩንና ያያችሁትን ጻፉ።

ልጄም ያን ዕለት ያልተገኘውን ነጥብ አልሰረዘውም። ከሥሩ “ውኃ ሥር ነው” ብሎ ጻፈና፣ ውኃው ከመሬቱ የተገናኘበትን ቦታ አዲስ ቁጥር ከቀኑ ጋር መዘገበ። በሚመጣው ዓመት ኢንሻአላህ ወደዚያው ቁጥር ተመልሰን ዳርቻው ወዴት እንደሄደ እናያለን።